ዕጣንና ቢምቢ

በቆላው አገር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በአንድ መንደር ላይ ሁለት ዓይነት ጢስ ይወጣል። አንደኛው፥ ካህኑ በጽናው ፍሕም ላይ ዕጣን ጨምሮ፥ መንበሩን እየዞረ፥ የምእመናኑን ጸሎት ከመዓዛው ጋራ ወደ አርያም የሚያሳርግበት ጢስ ነው፤ ሁለተኛው፥ የቤቲቱ እመቤት ከምድጃዋ ፍሕም በገል ወስዳ፥ ጥንጁት ወይም የወይራ ስንጥር፥ ወገርት ወይም የቀበርቾ ሥር ጣል አድርጋበት፥ ቢምቢ ከልጆቿ መኝታ እንዲርቅ በየማዕዘኑ የምታዞረው ጢስ ነው። ስለ ፊተኛው ቢጠየቅ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር የሚወደው፥ አጋንንት የሚሸሹት ነው» ይላል፤ ስለ ኋለኛውም ቢጠየቅ «እኛ የምንወደው፥ ቢምቢ የሚሸሸው ነው» ይላል። ሁለቱ መልሶች በአንድ መልክ የተነገሩ መሆናቸውን ልብ ያለ ሰው፥ ከሥራቸው አንድ የቆየ የፍልስፍናም የሃይማኖትም ጥያቄ እንደ ተቀመጠ ያስተውላል። ይኸውም፦ መዓዛ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ስንል፥ መልካምነቱና ክፋቱ ያደረው በራሱ በመዓዛው ነውን? ወይስ በሚያሸትተው ፍጡር ባሕርይ? በሚያሸትተው ከሆነስ መዓዛ ሁሉ የተሠራው ለማን ነው?

አርስጣጣሊስ ስለ ሕዋሳት በጻፈው ድርሳኑ ሽታን በሁለት ከፍሎታል። አንዱ ከምግብ ጋራ የተያያዘ፥ ሲራቡ የሚጥም ሲጠግቡ የሚሰለች ሽታ ነው፤ ሌላው እንደ አበባ ሽታ ያለ፥ ረኃብንና ጥጋብን ሳይጠብቅ ራሱን ችሎ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በዚህም በሁለተኛው የሚደሰት ከእንስሳት ሁሉ ሰው ብቻ ነው ብሎ ፈርዷል። ይኸው ሊቅ ስለ እንስሳት በጻፈው በሌላው መጽሐፉ፥ በጉንዳን ቤት አፍ ላይ ድኝና የተፈጨ ኦሬጋኖ ቢነሰነስ ጉንዳኖቹ ቤታቸውን ትተው እንደሚሄዱ መዝግቧል። አፍንጫ የሌለው ፍጡር እንደሚያሸትት በዚያ ዘመን መረዳቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን በሽታ መደሰትን ለሰው ብቻ ርስት አድርጎ መስጠቱ ቸኩሎ የተናገረው ይመስለኛል። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደን ውስጥ እንደ ብረት የሚያብለጨልጩ ንቦች አሉ፤ የእነዚህ ንቦች ወንዶች ኦርኪድ ከተባለው አበባ ዘንድ የሚሄዱት ማር ሊቀስሙ ሳይሆን ሽታውን ሊሰበስቡ ነው፤ ሰብስበውም በኋላ እግራቸው ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ያከማቹታል፥ በሴቲቱም ፊት ይነዙታል። ይህን የሚያደርጉት ለሆዳቸው አይደለም። አርስጣጣሊስ ቢሰማ «ይህም ዘርን ለመተካት ነውና ከመሻት አልወጣም» ብሎ ይከራከር እንደ ነበር እገምታለሁ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለምና በስፍራው እመለስበታለሁ።

ለጊዜው ግን ከዚህ የሚብሰውን ነገር እንመልከት። ዓለም በመዓዛ የተሞላች ናት ስንል የምንናገረው አፍንጫችን ስለ ደረሰበት ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ሄንሪ ፋብር በፕሮቫንስ ባለው ቤቱ፥ በክንፎቿ ላይ ዓይን የመሰለ ምልክት ያላትን ትልቅ የእሳት ራት ከተፈለፈለች በኋላ በወንፊት ሽቦ ጎጆ ከልሎ ቢያስቀምጣት፥ በዚያው ሌሊት 40 ያህል ወንዶች በጨለማ ከየት እንደ መጡ ሳይታወቅ ቤቱን ሞሉት። እርሱ ግን ወደ ሽቦው ተጠግቶ ቢያሸት ምንም አልሸተተውም። ሽታ እንደ ሆነ ለመፈተን ናፍታሊን በሳሕን አድርጎ በአጠገቧ አኖረ፤ ለሰው ራስ የሚያዞረው ያ ክርፋት ወንዶቹን ከቶ አላሳታቸውም። በመስተዋት ክዳን ጥብቅ አድርጎ በዘጋባት ጊዜ ግን፥ በዓይን ትታይ እንጂ አንድስ እንኳ የሚመጣ አልተገኘም። የነገሩ ምሥጢር እስኪገለጥ ብዙ ዘመን አለፈ፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1959 ጀርመናዊው ቡተናንት ከ500,000 የሐር ትል ራቶች ጥቂት ቅንጣት አጥርቶ ሴቲቱ ወንዱን የምትጠራበትን ንጥረ ነገር ለየ። እንግዲህ ብርቱ ሽታና ደካማ ሽታ የምንለው እንኳ በተቀባዩ የተወሰነ ነው፤ ለፋብር አፍንጫ ናፍታሊኑ ሁሉን ሸፍኖ ነበር፥ ለወንዱ ራት ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ከእርሷ በቀር የሚሸት አልነበረም።

ወደ ዕጣኑ እንመለስ። የዕጣን ዛፍ በመተማና በሑመራ፥ በትግራይ ቆላዎችና በቤንሻንጉል፥ ሌላ ዛፍ እምቢ ባለው ድንጋያማ ተረተር ላይ ትበቅላለች። በበጋ ቅጠሏን አራግፋ ዕራቍቷን ስትቆም፥ ለቃሚው መንጋፍ በሚባለው መሣሪያ ልጧን በጥቂቱ ይልጠዋል፤ ከቍስሉም ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል፥ አየር ሲያገኘውም ይረጋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የረጋውን ይለቅማል፥ ቍስሉንም ያድሳል፤ በአንድ በጋ ይህንኑ ደጋግሞ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዛፊቱ ስለ ቅዳሴ የምታውቀው ነገር የለም። ሙጫው በባሕርይዋ የተሰጣት ቍስሏን ልትደፍንበት፥ በሽታውና በምረቱም ልጥ የሚበሳውን ትልና እንጨት የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ልትከለክልበት ነው፤ ለእኛ መሥዋዕት የሆነው ለእርሷ ፋሻና ጋሻ ነው። በዚያው በበጋ ደግሞ ቅጠል ሳታወጣ ታብባለች፥ ንቦችም ወደ አበባዋ ይጎርፋሉ፤ በአንድ ወራት፥ በአንድ አካል፥ በልጧ በኩል ነፍሳትን ታርቃለች፥ በአበባዋ በኩል ትጠራለች።

ያለ ልክ የተቈሰለች እንደ ሆነ ግን ኃይሏ ይደክማል፤ የምታፈራው ዘር ያንሳል፥ ካፈራችውም ብዙው አይበቅልም፤ በትግራይ አንቴናው የረዘመ አንድ የጢንዚዛ ዘር ግንዷን እየሰረሰረ ዛፎቹን ሲገድል ተገኝቷል። ከሰባክያን ወገን የሆነ ሰው ይህን ቢያነብ፥ ከቍስል ስለሚወጣ መድኃኒትና ስለ ሌሎች ስለሚፈስ ደም ወዲያው ምሳሌ ይመስልበታል፤ ምሳሌውም ያማረ ነው። እኔ ግን ምሳሌውን ለባለቤቶቹ ትቼ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ይህን ሙጫ ለሰው ብሎ ፈጠረው የምንል ከሆነ፥ ሰው ጽና ሳይሠራና መቅደስ ሳያንጽ ዛፊቱ በዚያ ተረተር ላይ ማንን ታጥን ነበር?

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ስድስቱን ቀናት ሲተረጕም ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። አንዳንድ ሰዎች «ምድር ከመብል ጋራ መርዝንም ማብቀሏ ለምን ነው?» ብለው ቢያስቸግሩት፥ ሁሉ ለሆዳችን ሊፈጠር ኖሯልን ብሎ ገሠጻቸው፤ ሰውን የሚገድለውን ተክል ተመግበው ምንም ሳይጐዱ የሚኖሩ ወፎች እንዳሉ አስታውሶ፥ ለአንዱ ሞት የሆነው ለሌላው ምግብ መሆኑን አሳያቸው። ይህ ትምህርት ከተነገረ 1,500 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ባስልዮስን ያንብብ አያንብብ የማይታወቅ ፌርስሃፌልት የሚባል የሆላንድ ሰው በ1910 ያንኑ በጎመን ቅጠል ላይ መረመረው። በጎመንና በሰናፍጭ ዘር ውስጥ ዓይን የሚያስለቅስ፥ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር አለ፤ ተክሉ ይህን የሚያዘጋጀው ቅጠሉን የሚበሉትን ነፍሳት ሊያርቅበት ነው፥ ብዙዎቹንም ያርቃል። አንዲት ነጭ ቢራቢሮ ግን በዚያው ሽታ እየተመራች መጥታ በቅጠሉ ላይ ዕንቍላሏን ትጥላለች፥ ትሎቿም ከዚያ በቀር ሌላ አይወዱም። ፌርስሃፌልት የዚህን ቅመም ጭማቂ ትሎቹ በማይነኩት በሌላ ተክል ቅጠል ላይ ቢቀባው፥ ቀድሞ የናቁትን ቅጠል እየተሻሙ በሉት። ለጠላት የተሳለው ሰይፍ ለዚህች ቢራቢሮ የማዕድ ግብዣ ሆኖ ተገኘ። አንድም ነገር ሳይለወጥ፥ አንዱ ሽታ በአንዱ ቅጠል ላይ ለመቶው «ሂድ» ለአንዱ «ና» ይላል።

እስከዚህ ድረስ ሰው ተመልካች ሆኖ ተቀምጧል። ከተመልካችነቱ ወንበር የሚያስነሣው የወባ ነገር ነው። ከጥንት ጀምሮ በሮምም በግሪክም በኛም አገር የወባ ንዳድ ከረግረግ ከሚነሣ ክፉ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ደገኛውም ወደ ቆላ መውረድ ግድ ሲሆንበት የሚፈራው የበረሃውን አየር ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በ1897 በህንድ አገር በሴከንደራባድ የወባን ተውሳክ በቢምቢ ሆድ ዕቃ ውስጥ ባየ ጊዜ፥ ያ የብዙ ዘመን እምነት ወደቀ። ነገር ግን የቀደሙት ሰዎች በሽታው ከሽታ ጋራ ነገር እንዳለው መጠርጠራቸው ስሕተት አልነበረም፤ የሳቱት መንገዱን ነው። ክፉው ሽታ ከረግረጉ ተነሥቶ ወደ ሰው የሚመጣ መስሏቸው ነበር፤ የሚሄደው ግን ከሰው ተነሥቶ ወደ ረግረጉ ነው፥ ቢምቢቱም ያንን ተከትላ ትመጣለች።

ከሁሉ አስቀድሞ የምትከተለው ትንፋሻችንን ነው። ሰው ከሚያስወጣው ትንፋሽ ከ100 እጅ 4ቱ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፥ ይህ በነፋስ ውስጥ ከሚገኘው መቶ ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ቢምቢቱ በአፏ አጠገብ ባሉ ጥቃቅን አካላት ይህን ለይታ፥ ነፋሱን ወደ ላይ እየቀዘፈች ትጠጋለች፤ ስትቀርብም የላባችንንና የቆዳችንን ሽታ፥ የገላችንንም ሙቀት ትመረምራለች። በኦሪት እንደ ተጻፈ እግዚአብሔር ከምድር አፈር ባበጀው በአዳም አፍንጫ የሕይወትን እስትንፋስ እፍ አለበት፤ በዚያ እስትንፋስ እንጸልያለን፥ በዚያው እናዜማለን፥ በዚያው ካህኑ የዕጣኑን ጸሎት ይደግማል፤ በዚያውም ቢምቢቱ በጨለማ ታገኘናለች። ሕያው ሆኖ ከእርሷ መሰወር የለም፤ መሰወር የሚችል እስትንፋሱ የወጣች ብቻ ነው። እርሷም የምትመጣ ዕንቍላሏን የምታሳድግበት ደም ፈልጋ ነው እንጂ ቂም ይዛ አይደለም፤ ወንዱማ ከአበባ ማር በቀር ሌላ አያውቅም።

ስለ ሰው ክብር የሚሰብኩ ሰዎች የማይወዱት ሌላም ነገር አለ። በሆላንድ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የአፍሪካ የወባ ቢምቢ አብዝታ የምትነድፈው እግር መሆኑን አይተው፥ ሊምበርገር በተባለ በክርፋቱ በታወቀ አይብ ፈተኗት፤ ይህን አይብ የሚያበስለው ባክቴሪያ በእግራችን ጣቶች መካከል ከሚኖረው ጋራ የቅርብ ዘመድ ነውና። በ1996 እንዳሳተሙት ቢምቢቱ ወደ አይቡ ሽታ ተሳበች። በውድ ሽቶ የታጠበ መኰንንና በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ በእርሷ ዘንድ በአንድ መዝገብ የተጻፉ ናቸው፤ ዳኝነቷም ከብዙ ዳኞች ይልቅ አድልዎ የሌለበት ነው።

የሰው ሽታ ይህን ያህል የሚወደድ ከሆነ የሚጠላውስ የማን ነው? በ2016 በፈረንጆች አቈጣጠር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች ያደረጉትን ምርምር አሳተሙ። ከቢምቢዎቹ ሆድ የተገኘውን ደም ቢመረምሩ የሰውና የከብት ደም በብዛት ሲገኝ፥ ዶሮ በየቤቱ ሞልታ ሳለች የዶሮ ደም አልተገኘም ለማለት ጥቂት ቀረው፤ በአጎበር ውስጥ በተኛ ሰው አጠገብ ሕያው ዶሮ በሽቦ ቤት ተንጠልጥላ ስታድርም ወደ ወጥመዱ የሚገባው ቢምቢ አነሰ፤ ከላባዋ የተለየው ሽታም ለብቻው ይህንኑ አደረገ። ዶሮ ነፍሳትን ለቅማ የምትበላ ናትና ቢምቢቱ ከጠላቷ ትሸሻለች ብለው ገምተዋል። እንዲሁ በናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማእከል፥ የገንዲን በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ ወደ በሬ ሽታ ስትሮጥ ከድፋርሳ ሽታ ግን እንደምትርቅ አይቶ፥ የድፋርሳን ሽታ በከብት አንገት ላይ ማንጠልጠልን ፈትኖ ከብቱን እንደሚጠብቅ አረጋግጧል። ከድፋርሳ ገላ የሚወጣው ሽታ ለአዳኝ አፍንጫ ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ለበሬው ግን ከከርቤ የተሻለ ዋጋ አለው። በየዶሮ ቆጡ ሥር አፍንጫችንን ይዘን ስናልፍ የኖርን ሰዎች፥ ያ የናቅነው ሽታ ሌሊቱን ሲጠብቀን ማደሩን ከመጻሕፍት ሳይሆን ከዶሮዋ ተማርን።

የንብን ነገር በአጭሩ ላንሣ። ንብ የነደፈች እንደ ሆነ ከመንደፊያዋ ጋራ የሚወጣው ሽታ ጓደኞቿን ለጦርነት ይጠራል፤ ይህ ሽታ ምን እንደ ሆነ በ1962 ሲታወቅ፥ በበሰለ ሙዝ ውስጥ ያለው መልካም ሽታ ሆኖ ተገኘ። ልጅ ሆኖ ሙዝ የሚልጥ ሰው የሚጎመጅበት ሽታ፥ በቀፎ ደጅ የጦር ነጋሪት ነው። የኛ ንብ አናቢዎች ይህን ንጥረ ነገር በስሙ ባያውቁትም ከነደፋ በኋላ በቀፎው ላይ ጢስ ማብዛትን ያውቃሉ፤ ጢሱ የነጋሪቱን ሽታ ይሸፍነዋልና። ባዶውን ቀፎ በወይራና በሌላም መዓዛማ ቅጠል አጥነው የሄደውን መንጋ እንደሚያስገቡም የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ፍጡር አንዱ ጢስ ማብረጃ፥ አንዱ መጋበዣ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ለሥነ ፍጥረት መምህራን ከባድ ነው፤ እንዲያውም ከመርዙ ጥያቄ ይከብዳል። ባስልዮስ ስለ መርዝ መልስ ሰጠ፤ ስለ ውሸት ግን ምን ይል ነበር? በአልጄሪያ ዳኛ የነበረ ፑያን የተባለ ፈረንሳዊ፥ ከፍርድ ሥራው ሲያርፍ ኦርኪድ እየተመለከተ ይኖር ነበር፤ ከነዚህም አበቦች አንዲቱ ማር የሌላት ስትሆን በመልኳና በገላዋ ሴት ተርብን መስላ ትታያለች፥ ወንዱም ተርብ ሚስቱ መስላው ሊገናኛት ይታገላል፥ በትግሉም የአበባዋን ብናኝ ተሸክሞ ወደ ሁለተኛይቱ ይሄዳል፥ ዳግመኛም ይታለላል። የእርሱ ምልከታ በ1916 ታተመ፤ ከመልኳም ይልቅ የሚስበው ሽታዋ መሆኑ፥ ሽታዋም የሴቲቱን ተርብ ሽታ የሚመስል መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። በአፍሪካ ደረቅ ቆላዎች ደግሞ የበሰበሰ ሥጋ የሚሸቱ አበቦች አሉ፤ ዝንብ ጥንብ መስሏት ዕንቍላሏን በአበባው ላይ ትጥላለች፥ የሚፈለፈሉት ትሎች ግን የሚበሉት አጥተው ይሞታሉ። ተርቡ ቢታለል ጊዜውን አባከነ፤ ዝንቧ ግን ልጆቿን አጣች።

የውሸት አባት ዲያብሎስ ነው ብለን የምናስተምር ሰዎች፥ እግዚአብሔር «መልካም ነው» ባለው ፍጥረት ውስጥ ይህን ማየታችን ያስጨንቃል። ዳኛው ፑያን በችሎቱ ቢሆን ኖሮ በአታላይነት የሚፈርድበት ሥራ ነው። ነገር ግን እርሱ ራሱ ለፍርድ የሚያስፈልገውን ያውቃል፤ ሐሰት ሐሰት የሚሆነው እውነቱን የሚያውቅ ሰው ፈቅዶ ሲሸሽገው ነውና። አበባዋ እውነቱን አታውቅም፥ ፈቃድም የላትም፤ ያላት ከትውልድ ትውልድ ተርብ የጐበኛት ዘር ስለ በዛ የተወረሰ ባሕርይ ነው። ይህ መልስ የዝንቧን ትሎች አያስነሣቸውም፤ ፍጥረት ሁሉ በመቃተት ላይ እንዳለ ሐዋርያው የጻፈውን ለማስታወስ ይበቃል እንጂ ጭንቀቱን ፈጽሞ ያርቃል ብዬ አላስመስልም።

እንግዲህ መዓዛ በተቀባዩ ባሕርይ መልካም ወይም ክፉ ይሆናል ካልን፥ «ስለዚህ መልካምና ክፉ የሚባል ነገር የለም፥ ሁሉ እንደ አፍንጫው ነው» የሚል ሰው ይነሣል። ይህ ችኵል ድምዳሜ ነው። የሰናፍጭ ሽታ ለነጭዋ ቢራቢሮ በእውነት መልካም ነው፤ ወደደችም አልወደደችም ልጆቿ የሚያድጉት በእርሱ ነው። ለሌላው ነፍሳት በእውነት ጎጂ ነው፤ ቢበላው ይታመማል። በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ዝምድና ከሁለቱ ነገሮች ያላነሰ እውነት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በሁለተኛው መልእክቱ ሐዋርያት የክርስቶስ መዓዛ መሆናቸውን፥ ይኸውም አንድ መዓዛ ለሚድኑት ለሕይወት ለሚጠፉት ለሞት እንደሚሆን ሲናገር፥ መዓዛው ሁለት ነው አላለም፤ የተለያዩት ተቀባዮቹ ናቸው። ነገር ግን በዚህ ስፍራ ቢራቢሮዋና ሰው ይለያያሉ፤ ቢራቢሮዋ የምትቀበለውና የምትሸሸው በተፈጥሮዋ ነው፥ ሰው ግን የሚቀበለውና የሚሸሸው በፈቃዱም ጭምር ነው።

አርስጣጣሊስ ሰውን ከእንስሳት የለየበት ስፍራ ጥቂት ፈቀቅ ማለት አለበት የምለው ስለዚህ ነው። በመዓዛ መደሰት ሰውን አይለየውም፤ ያ የሚያብለጨልጭ ንብም የአቅሙን ያህል ይደሰት ይሆናል። ሰውን የሚለየው መዓዛን ከራሱ ፍላጎት አውጥቶ ለሌላ ማቅረብ መቻሉ ነው፤ ዛፊቱ ለቍስሏ የሠራችውን፥ ጢንዚዛው የሸሸውን፥ እርሱ ወስዶ «ለአንተ» ይላል። ማቅረብ የሚችል ግን ማበላሸትም ይችላል። በኢሳይያስ ዘመን በመቅደሱ ይጤስ የነበረው ዕጣን በኦሪት በታዘዘው ሥርዓት የተዘጋጀ ነበር፤ ቅመሙ አልጐደለም፥ ፍሕሙም አልጠፋም፤ ሆኖም እግዚአብሔር እንደ ተጸየፈው በነቢዩ አፍ ተናገረ፥ ምክንያቱንም በአቅራቢዎቹ እጅ ላይ ባለው ደም አመለከተ። በፍጥረት ሁሉ መካከል ቅመሙ ሳይለወጥ ዕጣንን ማግማት የሚችል ሰው ብቻ ነው። የኖኅን መሥዋዕት እግዚአብሔር አሸተተ የሚለውንም ቃል መምህራን «ወደደለት» ብለው የሚፈቱት፥ አፍንጫ ለሌለው አምላክ ሽታ ሆኖ የሚደርሰው የአቅራቢው ልብ ስለ ሆነ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙዳቸው ከቅዱሱ ዕጣን አራት ቅመሞች አንዱ ለብቻው የሚከረፋ ሙጫ እንደ ሆነ አስተውለው፥ ኃጢአተኞች ያልተቈጠሩበት ጾም ጾም አይደለም ለማለት ማስረጃ አድርገውታል። እኔም ከዚህ የሚሻል ትርጓሜ አላገኘሁም።

በመጨረሻ አንድ ሰው ያነሣብኝ የነበረ ክርክር ይቀራል፤ ይኸውም በጽና የሚጤሰውን ዕጣን ለቢምቢ ማባረሪያ ማጤስ ድፍረት አይሆንምን የሚል ነው። ይህ ሰው የሚጠቅሰው ኦሪት ዘፀአትን ነው፤ በዚያ ለእግዚአብሔር የተቀመመውን ዕጣን አስመስሎ ለራሱ ሊያሸትተው የሠራ ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ ይጥፋ ተብሎ ተጽፏልና። ቃሉን በቀስታ ያነበበ ሰው ግን የተከለከለው ለራስ አፍንጫ ደስታ ሲባል ቅዱሱን ቅመም መቅዳት መሆኑን ያያል፤ ቍስል ለመድፈን፥ ትል ለማባረር፥ ሕፃን ለመጠበቅ ማጤስ ግን ዛፊቱ ከፍጥረቷ ጀምሮ ስታደርገው የኖረችው ሥራ ነው። እርግጥ ጢሱ ሲበዛ የሕፃኑን ዓይንና ሳንባ ይጐዳል፥ አጎበርም ከጢስ ይልቅ ይጠብቃል፤ ይህ የጤና ሠራተኞች ምክር ነው፥ ልንሰማውም ይገባል። አጎበር የሌላት እናት ግን ማታ በገሏ ላይ ጥንጁት ብትጨምር ወይም ከዕጣኗ ቍራሽ ብትጥልበት፥ በዘፀአት ትእዛዝ የምትከሰስ አይመስለኝም፤ ካህኑም በዚያው ሰዓት ከቤቷ ደጅ ቢያልፍ፥ ጢሱን ቢያሸትት፥ «ለማን ነው?» ብሎ ቢጠይቃት «ለቢምቢ ነው፥ አባቴ» ብላ ያለ ኀፍረት ልትመልስለት ይገባታል።